ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

ጆሮ ዘብ፣ ያ ጆሮ ውስጥ ተሰክቶ የማይፈለግ ድምፅ የሚያጥበው ዕቃ፣ አዳማ የገባ ዓመት አንዲት አህያ ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ቆማ ከጠዋት እስከ ማታ አናፋች፤ የሰማት ሰው የለም። ማታ ላይ አህያዋ ራሷ «ዲዳ ሆንኩ እንዴ?» ብላ ተጠራጥራ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙም ዘብ አድርጎ ስለነበር ምንም የለብሽም ብሎ ሸኛት። ይህን የነገረኝ በዓይኑ ያየ ሰው ነው፤ ያየው ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

ዛሬ አህያም የለም፣ በነገሩ የሚገረምም የለም። ከአልጋ ስንነሣ ዘቡ ጆሯችን ውስጥ ነው፤ ስንተኛም እዚያው ነው። አውቶቡስ አጠገብህ ሲያልፍ የሚነካህ ንፋሱ ብቻ ነው። ሎሚ ሻጩ ድምፁን ካላስመዘገበ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ታየዋለህ፣ ታልፈዋለህ። ጎረቤትህ ሲያስነጥስ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ይመለሳል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ከግድግዳው ማዶ የሚመጣ ነገር ስለሌለ ሰፈሩ ሁሉ በፍቅር የሚኖር ይመስላል። ሳልን፣ ማኘክን፣ ትንፋሽን ዘቡ ያጥባቸዋል፤ የሚተርፈው ንጹሕ ንግግርና ንጹሕ ሙዚቃ ነው። በዚህ ያዘነ ሰው አላየሁም። እኔ እንዲያውም አንኮራፊ ሰው ስለሆንኩ ከሁሉም በላይ ተጠቅሜያለሁ።

የዳኝነት ዕጣ የወጣብኝ ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው። ዘቤ፣ «አቶ ጥጋቡ፣ ለጆሮ ዳኝነት ተመርጠዋል፤ እንኳን ደስ ያለዎ» አለኝ። እምቢ ማለት የለም። የአገሩ ቀረጻ ሁሉ የሚቀመጥበት የድምፅ ጎተራ ከሞላ ቆይቷል። አንድ የድሮ ሥራ በሁለት ዓይነት ቀረጻ ከተገኘ አንዱ ይቆያል፣ ሌላው ይጠፋል። የሚጠፋውን የምንመርጠው በዕጣ የምንጠራ ተራ ሰዎች ነን። በፊት የተማሩት ነበሩ የሚመርጡት አሉ፤ እርስ በርስ ሲከራከሩ አንድም ነገር ሳያጠፉ ጎተራው አፉ ድረስ ሞላ። ቤቱ ሙዚቃ የሚያስቀምጥ ሰው የለም፤ ሁሉም ከጎተራ ነው የሚያስከፍተው። ከጎተራ የጠፋ ከዓለም ጠፋ።

የደረሰኝ ጉዳይ የክላሲካል ሙዚቃ ነበር። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ግድም አራት ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ ተቀምጠው በሁለት ቫዮሊን፣ በአንድ ቪዮላና በአንድ ቼሎ ተጫውተዋል፤ በጊዜው በነበረው ከፍተኛ ጥራት ተቀርጿል። «ሀ» ጥሬው ነው። «ለ» በኋላ የታጠበው ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ጋሽ ባሮክ መጡ።

ጋሽ ባሮክ ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ባሮክ፣ ናታን፣ ሶሊያና ዛሬ የአሮጌ ሰው ስም ነው፤ ስሙን ስትሰማ ከዘራ ይታይሃል።

«ዳኛ ሆንክ አሉ» አሉኝ።

«ሆንኩ ጋሼ። ከዛሬ ጀምሮ ክቡር ካልተባልኩ ዞሬ አላይም።»

«ክቡር ቀዳጅ» አሉ። ወሬ ሳሳምር ስለሚያውቁኝ ነው። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። «ቀረጻው የኛ ነው። ቼሎውን የምጫወተው እኔ ነኝ። ቪዮላዋ ሶሊያና ናት።»

ሶሊያና ሚስታቸው ነበሩ። ካረፉ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል።

«እንዳዳላልዎ ነው የመጡት?»

«አይደለም። ሥራህን ሥራ። የምለምንህ አንዲት ቦታ ላይ ጆሮህን እንድትሰጠኝ ብቻ ነው። መጨረሻው አካባቢ ቼሎው ብቻውን ይጫወታል፤ ያበቃና ዝም ይላል። ልክ እዚያ ላይ…» አሉና አፋቸውን ከፈት አድርገው ዘጉት።

ጠበቅኩ።

«እዚያ ላይ ምን?»

«አልኩህ እኮ!»

«ምንም አላሉም። አፍዎን እንደ ዓሣ ከፍተው ዘጉት።»

ጋሽ ባሮክ አዩኝና ፈገግ አሉ። «እውነትህን ነው። ዘብህን አውልቅ።»

ሰው ፊት ዘብ ማውለቅ ሱሪ ከማውለቅ አይተናነስም። ግን ሽማግሌ ናቸው፣ አወለቅኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ የማቀዝቀዣው ጩኸት ነው፤ ቀጥሎ የገዛ ሆዴ። ጋሽ ባሮክ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «እ» አሉ። አጭር ነገር ናት። ሰው ደንግጦ ትንፋሹን ሲውጥ ትመስላለች፤ ድንጋጤው ግን የለባትም።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አዎ ማለት ነው።»

«አዎማ አዎ ነው እንጂ!»

«ድሮ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚለው። ስታወራ የሚሰማህ ሰው ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ እ፣ እ ይልሃል። አዎ ማለት ነው። ይሁን ማለት ነው። ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው ማለትም ነው። ዘቡ ትንፋሽ ሲያጥብ እሷንም አብሮ አጠባት። የማይሰማ ነገር ማን ይላል? ቀረች።»

እሳቸው ባርኔጣቸውን እያዞሩ ቀጠሉ።

«ሶሊያና በዕድሜዋ 'አዎ' ስትል አልሰማሁም። 'እ' ነው የምትለው። ቤት ውስጥ የቀረጽኳት ብዙ አለ፤ ሁሉም የታጠበ ነው። ሶልዬ ምሳ በላሽ? እላለሁ፤ ዝም። ሶልዬ እንውጣ እንዴ? ዝም። አንዱ ላይ ልደቷ ነው፣ ሰው ሁሉ ቆሟል፣ ትወጂኛለሽ? እላታለሁ፤ ዝም። ከዚያ ሰው ያጨበጭባል። ለምን እንደሚያጨበጭብ አይታወቅም። የሚሰማው ሰው ዕድሜ ልኬን ግድግዳ ሳናግር የኖርኩ ነው የሚመስለው። አንዳንድ ቀን ለራሴም እንደዚያ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ጥሬውን በድሮው ድምፅ ማጉያዬ አስከፍታለሁ። የቀረችው አንዲት እሷ ናት፣ ጥጋቡ። ሌላ የለኝም።»

ለመሸሽ ያህል «እስቲ ያስተምሩኝ» አልኳቸው። ተቀምጠን ተለማመድን። የመጀመሪያዋ ሙከራዬ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትመስል ነበር። ሁለተኛዋ ስቅታ ሆነች። «አትዋጠው፣ ተቀበለው» ይሉኛል። ሻዩ ሲቀዘቅዝ ያዝኳት። ጋሽ ባሮክ ሲሄዱ «ደኅና ዋል» ሲሉኝ እንኳን «እ» ብዬ ነው የሸኘኋቸው።

የዳኝነት አዳራሹ መስኮት የለውም፤ ግድግዳው በወፍራም ጨርቅ ተሸፍኗል። ሦስት ዳኞች ነን። አንዱ አቶ ጉርሜሳ፣ ባትሪ ነጋዴ፣ ሲቀመጥ እንኳን ወንበሩን መዝኖ የሚቀመጥ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ልዕልና፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ድምፁን የምትከፍተው ባለሙያዋ ወይዘሮ ማርሸት ናት። መልሳችንን የሚቀበለው ግድግዳው ላይ ያለው መዝጋቢ መሣሪያ ነው፤ «ጸሐፊ» እንለዋለን። ጸሐፊው እሱ ራሱ ዘብ አለበት፤ ንጹሕ ቃል ካልሆነ አይሰማም። ጋሽ ባሮክ ባለ ጉዳይ ስለሆኑ ከኋላ ባለችው ወንበር ዝም ብለው እንዲቀመጡ ተፈቅዶላቸዋል። ቡናማ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል።

«ዘብ አውልቁ» አለች ማርሸት።

ልዕልና ከተወለደች አውልቃ አታውቅም። ስታወልቅ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጫነች። «ራቁቴን አደባባይ የወጣሁ መሰለኝ» አለች።

«አይዞሽ እህቴ፣ ሁላችንም ራቁታችንን ነን» አልኳት። አቶ ጉርሜሳ በዓይኑ ገረፈኝ።

ማርሸት ደንቡን ነገረችን። «አንድ ቦታ ላይ ሀን አሰማችኋለሁ፤ ያንኑ ቦታ መልሼ በ'ለ' አሰማችኋለሁ። ጮክ ያለው ምንጊዜም የተሻለ ስለሚመስል የሁለቱንም ድምፅ እኩል አድርጌዋለሁ። ማን እንደተጫወተ አትመዝኑ፤ ታሪኩንም አትመዝኑ። የምትመዝኑት ድምፁን ነው።»

ከፈተችው። እውነቱን ልናገር፤ «ለ» ያምር ነበር። ቼሎው አጠገቤ የተቀመጠ ነው የሚመስለው፤ እጄን ብዘረጋ እንጨቱን የምነካው። ቫዮሊኖቹ ሲወጡ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ያብለጨልጫሉ። ሀ ላይ ግን የቀስቱ ፀጉር ክሩን ሲነክስ ይሰማል፤ ወንበር ሲጢጥ ይላል፤ ወረቀት ይገለጣል፤ አንዱ አፍንጫውን ይስባል፤ ሩቅ መንገድ ላይ የመኪና ጥሩምባ አለ። አቶ ጉርሜሳ በየጥሩምባው ፊቱን ያጠቁራል።

ከዚያ ያቺ ቦታ መጣች። በ«ለ» ቼሎው ብቻውን ተጫወተ፣ አበቃ፣ ዝም። ያ ዝምታ ታች የሌለው ጉድጓድ ይመስላል። ከዚያ ቪዮላዋ ገባች፤ ለምን እንደገባች አይታወቅም፤ ተራዋ ስለደረሰ ነው። ማርሸት ያንኑ በሀ ከፈተችው። ቼሎው አበቃ። ዝምታው ውስጥ ግን ክፍል አለ፣ ግድግዳ አለ፣ የተቀመጡ ሰዎች አሉ። ከዚያ ከቀኝ በኩል፣ በጣም ቅርብ፦ «እ»። ቪዮላዋ ከዚያ በኋላ ገባች።

ልዕልና ከወንበሯ ብድግ አለች። «ሴትዮዋ ምን ሆነች? አመማት?»

ወደ ኋላ ዞር ብዬ ጋሽ ባሮክን አየኋቸው። ዓይናቸው ተከድኗል።

ዕረፍት ላይ ግቢው ውስጥ ሁለቱን ያዝኳቸውና ያለ የሌለ ችሎታዬን አወጣሁ። «ያቺ ትንፋሽ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ቼሎ ተጫዋቹ በቀስቱ ጋብቻ ጠይቋት እሺ ያለችው እዚያ ላይ ነው! ከአዳራሹ በቀጥታ ሠርግ ቤት ነው የሄዱት። ዐሥር ግመል ታርዶ፣ የተረፈው ሥጋ እስከ ሞጆ ድረስ በባቡር ተጫነ። ባቡሩ ከብዶት ቢሾፍቱ ላይ ቆሞ አደረ።»

ልዕልና አፏን ይዛ ቀረች። አቶ ጉርሜሳ ግን «ስማኝ ወንድሜ» አለ፣ «እኔ የተጠራሁት ድምፅ ልመዝን ነው፤ ሠርግ ልበላ አይደለም።» ደግሞም እውነቱን ነው።

ተመልሰን ገባን። ጸሐፊው ጠየቀ።

«አቶ ጉርሜሳ፣ ሀ ይቆይ?»

«አይ። 'ለ' የጠራ ነው።»

«ወይዘሪት ልዕልና፣ ሀ ይቆይ?»

ልዕልና ጣቶቿን አየች። «አይ» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ «ይቅርታ» አለች።

አለቀ። ሁለት ለአንድ ነው፤ እኔ ጣሪያው እስኪነሣ ብጮህም የማመጣው ነገር የለም።

«አቶ ጥጋቡ፣ ሀ ይቆይ?»

ቢያንስ ጋሽ ባሮክ እንዲሰሙኝ ትልቅ «አዎ» ልል ተነሣሁ። ዞር ስል ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እያዩኝ ነው። ከአፌ መውጣት የነበረበት ነገር ተመልሶ ገባ። «እ» አልኩ።

«መልስ አልተሰማም» አለ ጸሐፊው።

«አቶ ጥጋቡ፣ ይመልሱ እንጂ» አለች ማርሸት።

«መለስኩ እኮ! ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

«እኛ ብንሰማ ምን ዋጋ አለው፣ ጸሐፊው ነው መስማት ያለበት።»

«ባይመልስስ?» አለ አቶ ጉርሜሳ፤ ሥራ ያለው ሰው ነው፣ መሄድ ፈልጓል።

ማርሸት ተነፈሰች። «ሦስቱም ዳኞች ካልመለሱ ጉዳዩ አይዘጋም። ዳኛን እንዲህ በል ማለት ደግሞ አይቻልም። ሦስቴ ተጠይቆ መልስ ካልተሰማ ለዓመቱ ይቀጠራል፣ እናንተው ሦስታችሁ ትጠራላችሁ። እስከዚያ ሁለቱም ቀረጻ ጎተራ ይቆያሉ።»

ይህን በማን ፊት ነው የምትናገረው!

«አቶ ጥጋቡ፣ ሀ ይቆይ?»

«እ።»

«መልስ አልተሰማም። አቶ ጥጋቡ፣ ሀ ይቆይ?»

ሦስተኛዋን አሳምሬ ሳብኳት፤ እንዳስተማሩኝ፣ ሳልውጥ፣ እየተቀበልኩ።

«መልስ አልተሰማም። ጉዳዩ ለዓመቱ ተቀጥሯል።»

አቶ ጉርሜሳ «አቦ!» ብሎ ጭኑን መታ። ማርሸት ወደኔ ቀረበች። «ሆን ብለው ነው አይደል?» አለች በለሆሳስ።

«እ» አልኳት።

ፊቷን ወደ ድምፅ ማጉያው ገመዶች አዞረች። ትከሻዋ ሲነቃነቅ ግን አየሁት።

መተላለፊያው ላይ ልዕልና ጋሽ ባሮክ ዘንድ ሄደች። «ጋሼ፣ የጋብቻ ጥያቄ መሆኑን ሳላውቅ… ይቅር ይበሉኝ።»

«የምን ጋብቻ?» ጋሽ ባሮክ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ቀዳጅ!» ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ አለቀባቸው። «ያን ጊዜ ከተጋባን ቆይተናል፣ የኔ ልጅ። ተኳርፈን ነበር። አባቷ ሲሞቱ እኔ ልምምድ ላይ ነበርኩ። ትንሽ ልጨርስ፣ ትንሽ ልጨርስ ስል ቀብሩ አመለጠኝ። ስደርስ ሰው እየተመለሰ ነው። እሷ ከሴቶቹ መሃል አየችኝ፣ ምንም አላለችኝም። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥፋለች፣ ቃል የለም። የቀረጻው ቀን እንደዚያው ሆነን ነው ጎን ለጎን የተቀመጥነው።»

አቶ ጉርሜሳ ሊሄድ በሩን ይዞ ነበር። አልሄደም።

«ይቅርታ ማለት በአፌ አቅቶኝ ነበር» አሉ ጋሽ ባሮክ። «የቼሎው ተራ ሲደርስ ወደ ቀብሩ ያልሄድኩትን መንገድ ሁሉ እዚያ ላይ በቀስቴ ሄድኩት። ሳበቃ ቀና ብዬ አላየኋትም፣ ፈራሁ። ያን ጊዜ ነው 'እ' ያለችኝ።»

የኔ ዐሥር ግመል አንድ በአንድ እየተነሡ ወጥተው ሄዱ።

በዓመቱ ተጠራን። አቶ ጉርሜሳ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ሳንጠይቀው፣ ወንበሩን ሳይመዝን ተቀመጠና ነገረን። «እናቴ ዘንድ ኢተያ ሄጄ ነበር። እናቴ ስልክ ስደውልላት አትመልስልኝም፤ አወራለሁ፣ ዝም ትላለች፤ አርጅታለች፣ ወይም ታዝናብኛለች እያልኩ መደወሉን ቀንሼ ነበር። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ዘቤን አወለቅኩ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ስትመልስልኝ ነው የኖረችው።»

ማርሸት «ሀ»ን ከፈተች፣ «ለ»ን ከፈተች፤ ደንብ ነው፣ ከጥያቄው በፊት ሁለቱም ይሰማሉ። ጋሽ ባሮክ ከኋላ ዓይናቸውን ከድነዋል። ከዚያ ጸሐፊው ጠየቀ።

«አቶ ጉርሜሳ፣ ሀ ይቆይ?»

ያ ባትሪ ነጋዴ ደረቱን ነፍቶ አዳራሹ ውስጥ የነበረውን አየር ሁሉ ሳበው። መብራቱ ሳይቀር ወደሱ ያዘነበለ መሰለኝ።

«መልስ አልተሰማም።»

አሁን «ሀ» ይቆይ ብለን ጉዳዩን ብንዘጋስ ትሉ ይሆናል። ተነጋግረንበታል። ብንዘጋው «ለ» ይጠፋል፤ «ለ»ም እኮ ያምራል፣ ቼሎው እንደዚያ ሆኖ የሚሰማው እሱ ላይ ነው። ደግሞ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ጋሽ ባሮክ ቤት የለም፤ አዳራሹ ውስጥ ስትሰማ ሶሊያና ከቀኝህ ናት፣ እጅህን ብትዘረጋ የምትነካት ናት። እሳቸው እዚያ የሚገቡት ቀጠሮ ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ እንቀጠራለን። በየዓመቱ ሦስታችንም እንመልሳለን፣ ጸሐፊውም አይሰማም። ልዕልና በሦስተኛው ዓመት ከኛ ሁሉ አሳምራ ትለው ጀመር፤ ክፍሏ ውስጥ ሕፃናቱ ዘባቸውን አውልቀው እ፣ እ እየተባባሉ ወላጆች ከሰዋታል፤ የሷም ጉዳይ ተቀጥሯል።

ማብቂያው ላይ ጸሐፊው ባለ ጉዳዩን ይጠይቃል፦ «አቶ ባሮክ፣ በቀጠሮው ይስማማሉ?» ጋሽ ባሮክም ትንፋሻቸውን ሳብ ያደርጋሉ። «መልስ አልተሰማም፤ ተቃውሞ የለም» ይላል። እንሣሣቃለን፣ ባርኔጣቸውን ያደርጋሉ፣ እንወጣለን።

ዘንድሮ ጋሽ ባሮክ የሉም። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ሦስታችንም ቀብራቸው ላይ ነበርን፤ ማርሸትም ሥራዋን ጥላ መጥታለች፤ ማንም አላረፈደም።

የቀጠሮው ቀን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠን እርስ በርስ ተያየን። «ባለ ጉዳዩ ባይኖሩም ጉዳዩ አልተዘጋም» አለች ማርሸት፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ከፈተችው። ቼሎው ብቻውን ተጫወተ፣ አበቃ። ክፍሉ ዝም አለ። «እ» አለች ሶሊያና። ቪዮላዋ ገባች።

ጸሐፊው ጉርሜሳን ጠየቀ፣ ልዕልናን ጠየቀ፣ እኔን ጠየቀ። መልስ አልተሰማም፣ አልተሰማም፣ አልተሰማም። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ ኋላኛዋ ወንበር ጠየቀ።

«አቶ ባሮክ፣ በቀጠሮው ይስማማሉ?»

አራታችንም ዞረን ባዶዋን ወንበር አየን። ማርሸት ጣቷን ማጥፊያው ላይ እንዳደረገች ቀረች፤ አላጠፋችውም። አንድ ሰው ትንፋሹን ሳብ የሚያደርግበትን ያህል ጊዜ ዝም ተባለ።

«መልስ አልተሰማም» አለ ጸሐፊው።

እሱ የማይሰማው ነገር ብዙ ስለሆነ ቃሉን አልተቀበልነውም።